ላስቲኩን ማን ያንሳው

አውቶቡሴ ለእድሳት ስትሄድ ወለሏ ላይ ጭንቅላት የሚያስገባ ቀዳዳ ነበራት። ሲዘንብ ጭቃው ከሥር ይረጫል፣ ሲደርቅ አቧራው ይገባል። ግማሾቹ ወንበሮች ሽቦ አውጥተው የሰው ሱሪ ስለሚቀዱ፣ የዘወትር ደንበኞቼ ጋዜጣ አጥፈው ይዘው ነበር የሚሳፈሩት። አሥራ አንድ ዓመት ነድቻታለሁ። ለእድሳት ከተላኩት ስድስት መኪኖች አምስቱ እየተጎተቱ ሲሄዱ በገዛ ሞተሯ ተነስታ የሄደችው የኔዋ ብቻ ነበረች። ይህን እስከ ዛሬ ለሰው ሳልናገር አላልፍም።

ከስምንት ወር በኋላ ሲመለሱ የመሥሪያ ቤታችን ግቢ በሙሉ ሥራውን ጥሎ ወጣ። ወለሉ አዲስ ነው። መስኮቶቹ በአንድ ጣት ይከፈታሉ። መያዣ ብረቶቹ ቢጫ ተቀብተዋል፣ ወንበሮቹም ሰማያዊ ጨርቅ ለብሰዋል። ጨርቁን ግን መንካት አልቻልንም፤ አዳሾቹ እያንዳንዱን ወንበር በስስ ላስቲክ ጠቅልለው፣ ጠርዙን በፕላስተር አጣብቀው ነበር የላኩት።

መጀመሪያ ዘላ የገባችው እትዬ ሳሙና ናት። ሃምሳን የተሻገረች የግቢያችን አንጋፋ የጽዳት ሠራተኛ ነች፤ አሥራ ስምንት ዓመት የኛን አውቶቡሶች ስታጥብ ኖራለች። ስሙን ያወጡላት መካኒኮቹ ናቸው፣ ለሹፈት። እሷ ስትሰማ፣ እድፍ ቢሉኝ ነበር የምቀየመው ብላ በጸጋ ተቀበለችው፤ ከዚያ ወዲህ እውነተኛ ስሟን የሚያስታውስ የደመወዝ ክፍል ብቻ ነው። ያን ዕለት በአውቶቡሴ መተላለፊያ እስከ ኋላ ሄዳ ተመለሰችና የአንዱን ወንበር ፕላስተር በጥፍሯ መፋቅ ጀመረች።

ኃላፊያችን በሩ ላይ ቆሞ ኖሮ፣ ይተዉት አላት።

ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም። ኋላ ስቆጣ እንዳልረሳው ይህን አስቀድሜ ልናገር። ለነዚህ ስድስት መኪኖች ሁለት ዓመት ሙሉ ቢሮ ለቢሮ ተንከራቷል። የቀሩት አሥራ አራቱ የሚታደሱት ደግሞ ከሦስት ወር በኋላ ጎብኚዎች ከዋናው መሥሪያ ቤት መጥተው የነዚህን አያያዝ ካዩ በኋላ ነው ተብሏል። ስለዚህ ወንበሮቹ በዚያ ቀን ልክ እንደመጡበት መሆን አለባቸው፤ እሱ የታየው ይሄ ብቻ ነው። ላስቲክ ያነሳ ሠራተኛ በዲሲፕሊን እንደሚጠየቅ የሚገልጽ ማስታወቂያ አስጽፎ በየመኪናው በር ላይ አስለጠፈ።

የመጀመሪያው ሳምንት በደስታ አለፈ። ሰው ሲገባ ዓይኑን ማመን ያቅተዋል፤ አንዱ ሽማግሌማ ታክሲ መስሏቸው ዋጋው ስንት ነው ብለው ጠይቀውኛል። በሁለተኛው ሳምንት ሙቀቱ ገባ።

ላስቲክ ላይ ተቀምጦ የማያውቅ ሰው ነገሩ ቀላል ይመስለዋል። ሁለት ፌርማታ ሳይኬድ ጀርባ ይረጥባል። ሰውየው ሲነሳ ላስቲኩም አብሮት ይነሳና ጭርር ብሎ ይላቀቀዋል፤ ተማሪዎቹ ይሄን ድምፅ ሲሰሙ ሳቃቸውን የሚያቆመው የለም። አንዲት ባንክ ቤት የምትሠራ ልጅ ቀሚሷ እንዳይጣበቅባት ቆማ መሄድ ጀመረች። ከሷ ሌሎች ተማሩ። ባዶ ወንበር ሞልቶ ሃያ ሰው ቆሞ የሚሄድበትን አውቶቡስ እኔ ነዳሁ።

ቀን ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ግቢ እንመለሳለን፤ እትዬ ሳሙና ያን ጊዜ ባልዲዋን ይዛ ትገባለች። ስትጨርስ ቅጽ ትፈርማለች። «ተሽከርካሪው ንጹሕና ለአገልግሎት ዝግጁ ነው» ይላል ቅጹ፣ ከሥሩ የሷ ፊርማ። ላስቲኩ በየቦታው መሰንጠቅ ሲጀምር ላቡም፣ ልጆች የሚያፈሱት ውኃም በስንጥቁ እየገባ ከሥር ይቀራል። ጨርቁ አይታጠብ፣ አይናፈስ፤ ላዩ ያብረቀርቃል፣ ውስጡ ይሸታል። ሦስት ጊዜ ኃላፊው ዘንድ ሄዳ ተናግራለች። በመጀመሪያው ጊዜ እናያለን አላት። በሁለተኛው ጊዜ ሥራ በዝቶብኛል አላት። በሦስተኛው ጊዜ አንድ ካርቶን የሚረጭ ሽቶ ሰጣት። ካርቶኑን ሳትከፍት በሩ ሥር ትታለት መጣች፤ እኔ የተቀጠርኩት ለማጽዳት እንጂ ለመደበቅ አይደለም ብላ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አንዲት ልብስ ሰፊ ተሳፈሩ። ስድሳ የሚሆናቸው፣ ከገበያው በላይ ትንሽ ሱቅ ያላቸው ሴት ናቸው፤ ሁልጊዜ ከኔ ጀርባ ሦስተኛው ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት። መታጠፊያው ላይ አንድ ብስክሌተኛ ድንገት ፊቴ ገባ። ፍሬን ያዝኩ። ያን ያህል የከፋ ፍሬን አልነበረም፤ በድሮው ወንበር ቢሆን ሰው ነቅነቅ ብሎ ይተወው ነበር። እሳቸው ግን ከላስቲኩ ላይ እንደ ዓሣ ሙልጭ ብለው ወለሉ ላይ ወደቁ። በመስታወቱ አይቻለሁ። በግራ እጃቸው መያዣውን ጨብጠው ነበር፤ ክንዳቸው ተወጥሮ ሄዶ ሄዶ መያዣው አመለጣቸው። መሬት የደገፉበት ቀኝ እጃቸው ከአንጓው ተሰበረ።

ክሊኒክ ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። ስመለስ ኃላፊው ሪፖርት እንድጽፍ ጠራኝ፤ ወረቀቱም ተዘጋጅቶ ጠበቀኝ። «ተሳፋሪዋ መያዣ ባለመያዛቸው በራሳቸው ጥንቃቄ ጉድለት የደረሰ ጉዳት» ይላል። ይዘው ነበር አልኩት። ጥፋቱ ያንተ ፍሬን ነው ብዬ ልጻፍ ታዲያ? አለኝ። ሦስት ልጆች አሉኝ። መንጃ ፈቃዴ እንጀራዬ ነው። ፈረምኩ።

ምሳ ሰዓት ላይ እትዬ ሳሙና ወለሉን እየወለወለች ምን ብለህ ጻፍክ ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። መወልወያዋን ባልዲው ላይ አጋደመች።

«ልብስ ሰፊ ናቸው አላልከኝም?» አለች።

«ናቸው።»

«ቀኝ እጃቸውን?»

«ቀኝ።»

ወርዳ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ሄደች፤ ስትመለስ የወንበር ጨርቅ የሚቆረጥበትን ትልቅ መቀስ ይዛለች። ከፊት ጀምራ መቁረጥ ገባች። አልቸኮለችም፣ አልደነፋችም። አንዱን ወንበር ስትጨርስ ላስቲኩን ጠቅልላ በመስኮት ትጥላለች፣ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። ምሳ ላይ የነበሩት መካኒኮች ዳቧቸውን እንደያዙ ተሰበሰቡ። ከላስቲኩ ሥር የወጣውን ያየ ምሳውን አልጨረሰም፤ ጥቁር ሻጋታ፣ ፀጉር፣ የተጣበቀ ከረሜላ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ያ ሽታ። አርባ አንዱንም ወንበር ገፈፈችና ክምሩን ተሸክማ ኃላፊው ቢሮ ደጃፍ ላይ አስቀመጠችው።

ኃላፊው ወጣ። ደህና በሆነ ቀን «እርስዎ» ነው የሚላት።

«አንቺን ማን አዘዘሽ?» አለ።

«ማንም አላዘዘኝም» አለች። እሱ ወደ አንቺ ቢወርድም እሷ ከእርስዎ አልወረደችም። «እርስዎ በየቀኑ የሚያስፈርሙኝ ወረቀት ንጹሕ ነው ይላል። ሁለት ወር ሙሉ ውሸት ስፈርም ከርሜያለሁ። ይኸው ንጹሕ ያልኩት፣ ያሽትቱት።»

«ማስታወቂያውን አላነበብሽም?»

«አንብቤዋለሁ። ወንበሩ የተሠራው ለሰው መቀመጫ መስሎኝ ነበር፤ ለእንግዳ ማሳያ ከሆነ ሰውየውን ከመኪናው ያውርዱትና ወንበሩን ብቻ ያዙሩት።»

መካኒኮቹ ሳቁ። ባይስቁ ኖሮ ምናልባት ነገሩ እዚያው ይበርድ ነበር። የኃላፊው ፊት ደም መሰለ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በዚያው ከሰዓት ተጻፈ፤ ጥፋቷን አምና እንድትፈርምበትና ወንበሮቹን መልሳ እንድትጠቀልል የሚል። አነበበችውና ብዕሩን መለሰችለት። ካልፈረምሽ ከነገ ጀምሮ የምትሠሪው ጉድጓድ ነው ተባለች።

ጉድጓዱ መኪናው ከላይ ቆሞ ሰው ከሥር ገብቶ ጭቃና ግራሶ የሚያጥብበት ነው። የጎረምሳ ሥራ ነው፤ የውኃው ጎማ ግፊት ራሱ ሰው ይጥላል። እትዬ ሳሙና በማግስቱ ሁለት ሰው የሚይዝ ቱታ ለብሳ፣ እጅጌውን አራት ጊዜ ጠቅልላ ወረደች። ከላይ ሆኜ እትዬ፣ ፈርመሽ ብትገላገይስ አልኳት። ከሥር ሆና የፈረምክ አንተስ ተገላገልክ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። መኪናዬን ወደፊት አስጠጋሁ።

ወንበሮቹን መልሶ መጠቅለሉ ግን ቀላል አልሆነም። ሌሎቹ ሦስት የጽዳት ሠራተኞች ሲታዘዙ አንዷ ወገቧን አመማት፤ አንዷ መቀስ ስይዝ እጄ ይደነዝዛል አለች፤ ሦስተኛዋ ጭራሽ መስማት ተሳናት። በመጨረሻ ኃላፊው ራሱ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ጋር ሆኖ ጠቀለለው። አዲስ ጥቅል ላስቲክ አምጥተው፣ ሸሚዙን ሰብስቦ ተንበርክኮ ፕላስተር ሲለጥፍ አየሁት። ከሥር ያለውን ሻጋታ ማንም አላጠበውም።

ከወር በኋላ ልብስ ሰፊዋን ልጠይቅ ወደ ሱቃቸው ሄድኩ። ለመሄድ የወሰደብኝን ጊዜ አልናገርም። ክንዳቸው በጀሶ ታስሮ ከአንገታቸው ተንጠልጥሏል፤ ልጃቸው ስፌት መኪናው ላይ ተቀምጣ እሳቸው ከጎኗ ቆመው በግራ እጃቸው ያሳዩዋታል። በደስታ ነው የተቀበሉኝ። ያን ቀን ተሸክሞ ክሊኒክ ያደረሰኝ ልጅ ይሄ ነው ብለው ለጎረቤት ሁሉ አስተዋወቁኝ። ኋላ ግን ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ ለሕክምናዬ ብዬ መሥሪያ ቤታችሁ ሄጄ ነበር። መያዣ አልያዙም ተብሎ ተጽፏል አሉኝ። እኔ ይዤ ነበር። አንተ በመስታወት የምታይ ሰው ነህ፤ አላየኸኝም?»

«አይቻለሁ፣ ይዘው ነበር» አልኳቸው።

«ታዲያ ማነው የጻፈው?»

አላውቅም አልኩ። ሻይ አቅርበውልኝ ነበር፤ አልጠጣሁትም። እቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኳት። ስትተኛ፣ ልጆቹን ሰበብ አታድርግ አለችኝ።

የጉብኝቱ ቀን ደረሰ። ጎብኚዎቹ አገልግሎቱን እንደ ተራ ሰው ማየት ስለፈለጉ መኪናው ከነተሳፋሪው አንድ ዙር እንዲዞር ተወሰነ፤ የተመረጠችውም በራሷ ሞተር የምትመካዋ የኔዋ ናት። ኃላፊው ከጠዋት ጀምሮ ሲሯሯጥ ነበር። እትዬ ሳሙና ያን ዕለት ከግቢው እንዳትታይ በማለት የዓመት ዕረፍቷን እንድትወስድ አደረጋት። ደስ ብሎኝ እወስዳለሁ ማለቷን ሰምተን ሁላችንም ገርሞን ነበር።

አራት ጎብኚዎች ተሳፈሩ። መሪያቸው መነጽር ያደረገች፣ ጥቂት የምትናገር ሴት ናት። ኃላፊው ከጎኗ ቆሞ ያስረዳል። የመጀመሪያው ፌርማታ ላይ ስቆም በተራው ሰልፍ መካከል እትዬ ሳሙናን አየሁ። ግራጫ ቀሚስ ለብሳለች፣ ጫማዋ ተወልውሏል፣ ቦርሳዋን ክንዷ ላይ አንጠልጥላለች። ቲኬት ቆራጩ አሥር ዓመት የሚያውቃት ሰው ነው፤ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ሒሳቧን ተቀብሎ ቲኬቷን ቆረጠላት። የኃላፊው አፍ ተከፈተና ተዘጋ። ተሳፋሪን ውረጂ ማለት አይቻልማ።

መጥታ ባለ መነጽሯ ሴትዮ አጠገብ ተቀመጠች። ፀሐይዋ በጎን በኩል በመስኮቱ ገብታ ታቃጥላለች። ሦስት ፌርማታ ሄድን። ሴትዮዋ በመሀረብ አንገቷን ጠረገች፣ ተነቃነቀች፣ እንደገና ጠረገች። ከዚያ ወደ ጎረቤቷ ዞራ፣ ለመሆኑ መኪናው ተመችቷችኋል ወይ ብላ ጠየቀቻት።

«ከወገብ በላይ አዎ፣ መስኮቱ ጥሩ ነው» አለች እትዬ ሳሙና። «ከወገብ በታች ያለውን እርስዎም ያውቁታል።»

ሴትዮዋ ፈገግ አለች። «ላስቲኩን ማለትዎ ነው?»

«ላስቲኩን። እስቲ በዚህ ስንጥቅ እጅዎን ያስገቡ።»

ኃላፊው ቀጣዩን ፌርማታ ማስረዳት ጀመረ። ሴትዮዋ ግን እጇን አስገባች። በመስታወቱ አየኋት፤ ስታወጣው ጣቶቿ ርሰዋል፣ ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ፊቷን አጨፈገገች።

«ይሄን እንዴት አወቁ?» አለቻት።

«አሥራ ስምንት ዓመት ያጸዳሁት እኔ ነኛ። አሁን ጉድጓድ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ይሄን ላስቲክ ስለቆረጥኩ። ቅድም ከመግባቴ በፊት አያያዛችን ጥሩ ነው ብለው ነግረውዎት ይሆናል። ወንበሩን ይዘነዋል፣ እውነት ነው። ሰዎቹን ነው ያልያዝናቸው። አንዲት ሴት ከዚህ ወንበር ላይ ተንሸራተው ቀኝ እጃቸው ተሰብሯል፣ ልብስ ሰፊ ናቸው።»

ኃላፊው ያ አደጋ በተሳፋሪዋ ጥንቃቄ ጉድለት የደረሰ መሆኑን፣ የሾፌሩ የተፈረመ ሪፖርትም መኖሩን ፈጠን ብሎ ተናገረ።

እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ እግሬ ፍሬኑ ላይ አረፈ። የመንገዱን ጠርዝ ይዤ ቆምኩ፣ የእጅ ፍሬን ሳብኩ። አርባ ሰው ያየኛል። ወደ ኋላ ዞርኩ።

«ሾፌሩ እኔ ነኝ» አልኩ። «ሪፖርቱ ውሸት ነው። ሴትዮዋ ይዘው ነበር፤ በዚህ መስታወት አይቻቸዋለሁ። የፈረምኩት ፈርቼ ነው። ዛሬ እንደገና እጽፈዋለሁ፣ ከፈለጋችሁ መንጃ ፈቃዴ ይኸው።»

መንጃ ፈቃዴን ማንም አልተቀበለኝም። ከኋላ የቆመችው የባንክ ቤቷ ልጅ ሳትሆን አትቀርም፣ እኛም እንመሰክራለን አለች፤ ከዚያ ሁሉም ባንድ አፍ መናገር ጀመረ። ስለ ቀሚስ፣ ስለ ሽታ፣ ስለ ልጅ ሽፍታ። ባለ መነጽሯ ሴትዮ ልታረጋጋቸው ብድግ ስትል ላስቲኩ ከነቀሚሷ ተነሳና ያንን ድምፁን አሰማ። በዚህ ላይ ሳይስቅ የቀረ ኃላፊው ብቻ ነው። እሷም ሳቀች።

ነገሩ እንዳሰብኩት በአንድ ቀን አልተስተካከለም። ላስቲኩ ከስድስቱም መኪኖች የተነሳው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ ደብዳቤው «በተደረገው ጥናት መሠረት» ይላል፣ ጥናቱን ያጠናችው ሴት በዚያ ጊዜም ጉድጓድ ውስጥ ነበረች። የቀሩት አሥራ አራት መኪኖች ለእድሳት ሄዱ፤ ኃላፊው የፈራው አንዱም አልደረሰበትም፣ ቦታው ላይ አለ። የልብስ ሰፊዋን ሕክምና መሥሪያ ቤቱ ቻለ። እጃቸው ግን እንደ ድሮው አልዞረላቸውም። አሁን ጨርቅ የምትቆርጠው ልጃቸው ናት። እኔ ሄጄ ሪፖርቱን የፈረምኩት እኔ ነበርኩ ስላቸው አልሰደቡኝም፤ ብቻ ልጄ ማለት ተዉና ሾፌሩ ይሉኝ ጀመር። እስከ ዛሬ እንደዚያው ነው።

እኔ ለሐሰተኛው ሪፖርት የወር ደመወዝ ቅጣት አገኘሁ፤ የሚገባኝ ነው። እትዬ ሳሙናን ኃላፊው ወደ ቦታዋ ለመመለስ ያቺን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ድጋሚ አቀረበላት። ለፋይሉ ያህል ብቻ ነው አላት፣ በእርስዎ። አሁንም አልፈረመችም። እሱም መጨረሻ ላይ «ለመፈረም ፈቃደኛ አልሆኑም» ብሎ ከሥሩ ጻፈበት፤ እሷ ደግሞ ጽሑፉ ስላነሰ ጎላ አድርገው ይጻፉልኝ ብላ መልሳ አስጻፈችው። ከአራት ወር በኋላ ከጉድጓዱ ወጣች። ጉልበቷን እስከ ዛሬ ያማታል፣ በተለይ ደረጃ ስትወጣ።

ባለፈው ሰሞን ምሳ ሰዓት ላይ፣ ወንበሮቹን አውጥታ ፀሐይ ላይ ደርድራ ጨርቁን በብሩሽ ስትፈትግ፣ ከመኪናዬ በር ላይ ቆሜ፣ እትዬ፣ ያን ጊዜ ፈርመሽ ቢሆን እኮ አራት ወር ሙሉ ጭቃ አትጠጪም ነበር አልኳት። ቀና ብላም አላየችኝ።

«ፈርሜ ቢሆን ኖሮ ዛሬ አንተን በየትኛው አፌ እናገርህ ነበር?» አለች። «በዚያ ጫማ ነው የታጠበ ወለል ላይ የወጣኸው? ውረድና ጥረግ።»

ወረድኩና ጠረግኩ።